ለእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል አንድ ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ላሠራ?

ጥያቄው፦ «ሐዋሳ ውስጥ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ሥራ አለኝ። ቀኑን ሙሉ ማመልከቻ፣ ውልና የተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፍ ስጽፍ ነው የምውለው። አንዲት ፊደል ለመጻፍ ሁለት ሦስት ቁልፍ መንካት አሰልችቶኛል። ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁልፍ ያለው ትልቅ ኪቦርድ ማሠራት አስቤያለሁ፤ ሀ ሁ ሂ ተብሎ በገበታው ተራ የተደረደረ። ፍጥነቴ እጥፍ ይሆናል ብዬ አምናለሁ። የእንግሊዝኛው ኪቦርድ እንደሆነ ድሮም ሰው ቀስ ብሎ እንዲጽፍ ተብሎ የተሠራ ነው ይባላል። ሐሳቡን ማስመዝገብስ እችላለሁ? በዚያ ላይ ማታ ማታ የቀኝ እጄን አንጓ ያመኛል። በጎን የሚያዘውን ማውስ ልግዛ?»

ማሠራቱ ይቻላል። ፍጥነት ግን አይጨምርልዎትም፤ የአንጓዎንም ሕመም ሊያባብሰው ይችላል። ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ከዚያ በእሱ ፋንታ ቢያሠሩት የሚሻለውን ኪቦርድ እነግርዎታለሁ።

ኪቦርድ አማርኛም እንግሊዝኛም አያውቅም። አንድ ቁልፍ ሲጫኑ በዩኤስቢ በኩል የሚሄደው የቁልፉ መለያ ቁጥር ብቻ ነው። ያንን ቁጥር ፊደል የሚያደርገው ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ሶፍትዌር ነው። ገበያ ላይ «የአማርኛ ኪቦርድ» ተብሎ የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ፊደል የታተመበት ወይም ስቲከር የተለጠፈበት ተራ ኪቦርድ ነው። ውስጡ ያው ነው። መለያ ቁጥሮቹ ደግሞ ለተለመደው ኪቦርድ የወጡ ስለሆኑ ውስን ናቸው። ለ«ሰ» አንድ፣ ለ«ሱ» አንድ፣ ለ«ሲ» አንድ ተብሎ የተመደበ ቁጥር የለም። ስለዚህ ያሰቡት ትልቅ ኪቦርድ «ሰ»ን ሲጫኑ ከውስጥ ሆኖ ኤስን እና ኢን አከታትሎ መላክ ወይም ተመሳሳይ ዘዴ መፈለግ ይኖርበታል። ሁለቱን ቁልፍ እርስዎን ወክሎ ይነካል ማለት ነው። ይህች ዘዴ ጥሩ ናት፤ ኋላ ላይ እንጠቀምባታለን። ግን ለእሷ ሲባል ግዙፍ ኪቦርድ አያስፈልግም።

ግዝፈቱን ደግሞ እናስላው። 33ቱ የፊደል ቤተሰቦች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። «ቨ» ሲጨመር 238። ሏ፣ ሟ፣ ቋ፣ ጓ እና መሰሎቻቸው፣ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝ፣ ቁጥሮችም ገና አልገቡም። በተለመደው ኪቦርድ ላይ ከአንዱ ቁልፍ መሐል እስከ ሌላው መሐል 19 ሚሊሜትር ያህል ነው። 34 ዓምድ በሰባት ረድፍ ቢደረደር ስፋቱ 65 ሳንቲሜትር ገደማ ይመጣል። ባለ ሙሉ ቁልፍ የሆነው ተራ ኪቦርድ 45 ሳንቲሜትር አካባቢ ነው። 65 ሳንቲሜትር ላይ እጅዎ ማረፊያ ቦታ አይኖረውም። ከ«ሀ» ወደ «ፐ» ለመሄድ ክንድዎ በሙሉ ይንቀሳቀሳል፣ ዓይንዎም አብሮ ይሄዳል።

በፍጥነት የሚጽፍ ሰው ኪቦርዱን አያይም። ጣቶቹ ከማረፊያቸው ብዙ ሳይርቁ ይመለሳሉ። ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ፖል ፊትስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1954 ያሳየው ነገር እስከ ዛሬ የመሣሪያ ንድፍ መመሪያ ነው፤ የምንነካው ነገር በራቀና ባነሰ ቁጥር ለመድረስ የሚፈጀው ጊዜ ይጨምራል። የቻይና የጽሕፈት መኪናዎች ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ናቸው። ከ2,000 በላይ ምልክቶች የተደረደሩበት ሰፊ ትሪ ነበራቸው። ጸሐፊው ምልክቱን ፈልጎ፣ ማንሻውን እላዩ ላይ አምጥቶ፣ አንድ ጊዜ ይመታል። አንድ ምልክት በአንድ ምት፣ ልክ እንደ እርስዎ ሐሳብ። ጊዜውን የሚበላው ግን ፍለጋው ነበር።

የእኛም የጽሕፈት መኪና እዚሁ ግድግዳ ላይ ደርሷል። ኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ መኪና ለመሥራት ሲነሱ በእጃቸው የነበረው ለላቲን ፊደል የተሠራ፣ ጥቂት ቁልፍ ያለው መሣሪያ ነው። 200 ምናምን ፊደል አይችልም። መፍትሔው ፊደሉን በአካልና በቅጥያ ከፍሎ በየተራ መምታት ሆነ። በዚያ መኪና የተጻፈ የድሮ ደብዳቤ ያየ ሰው ቅጥያው ከአካሉ ፈንጠር ብሎ መቀመጡን ያስታውሳል። መልኩ አያምርም ነበር። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው ባይ ነኝ። ፊደላችን ራሱ የተሠራው በተነባቢና በአናባቢ ነው፤ መሣሪያውም ይህንን ቢከተል ይሻለዋል። ዛሬ መልኩን ኮምፒውተሩ ስለሚያስተካክለው ያኔ የተከፈለው ዋጋ አሁን የለም።

ስለ እንግሊዝኛው ኪቦርድ የሰሙት አፈ ታሪክ ቢጤ ነው። ሾልስ የተባለ አሜሪካዊ የፈጠረው የጽሕፈት መኪና በሬሚንግተን ፋብሪካ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1874 ሲወጣ የፊደል ክንዶቹ እርስ በርስ ይጠላለፉ ነበር። አቀማመጡ ከዚህ ችግር ጋር ይያያዛል የሚሉ አሉ። ሰውን ሆን ብሎ ለማዘግየት ነው ለሚለው ግን የረባ ማስረጃ የለም። ድቮራክ የሚባል ሌላ የቁልፍ አቀማመጥ እ.ኤ.አ. ከ1936 ጀምሮ አለ፤ ጣትን ያሳርፋል የሚሉ ብዙ ደጋፊዎችም አሉት። እስካሁን አሮጌውን አልተካም። አዲስ አቀማመጥ መልመድ ውድ ነው። ይህን ያዙልኝ፣ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ስሌት። «ሁለት ሦስት ቁልፍ» ያሉት በከፊል ብቻ ነው እውነት የሚሆነው። የፊደሉን ድምፅ በእንግሊዝኛ ፊደል እየተከተሉ በሚጻፍባቸው አቀማመጦች ሳድስ አንድ ቁልፍ ብቻ ነው የሚፈልገው። አማርኛ ደግሞ በሳድስ የተሞላ ነው። «ሰላም» አምስት ንኪ ነው፤ ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁልፍ ቢኖር ሦስት ይሆናል። ደስ ይላል። «ጤና ይስጥልኝ»ን ይውሰዱ። ክፍት ቦታውን ጨምሮ አሥር ንኪ ነው፤ በእርስዎ ኪቦርድ ስምንት ይሆናል። ያተረፉት ሁለት ብቻ ነው! እጥፍ ፍጥነት ከየት ይመጣል? ግን ያንኑ ቃል እንደገና ይዩት። ከአሥሩ ንኪ አራቱ ሺፍት ይፈልጋሉ፤ ሁለቱ ጥ፣ ኤ እና ኝ። ጠ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ፣ ኘ፣ ዠ ሁሉም በሺፍት ነው የሚጻፉት። እንግሊዝኛ ጸሐፊ ሺፍትን በዓረፍተ ነገር መጀመሪያና በስም ላይ ነው የሚነካው። እኛ በየቃሉ መሐል እንነካዋለን፣ ያውም በደካማዋ በትንሿ ጣት፣ አንጓን ወደ ጎን አጥፈን። የሚያደክምዎት የቁልፍ ብዛቱ ሳይሆን ሺፍት ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ዛሬውኑ በነጻ የሚሆን ነገር አለ። ዊንዶውስ ውስጥ «ስቲኪ ኪይስ» የሚባል፣ ለአካል ጉዳተኞች ታስቦ የተሠራ አማራጭ አለ። ሺፍትን አምስት ጊዜ አከታትለው ሲጫኑ ላብራው ወይ ብሎ ይጠይቅዎታል። ከበራ በኋላ ሺፍትን ይዘው መቆየት የለብዎትም። ነካ አድርገው ይለቁታል፣ ቀጥሎ ቲን ይነኩታል፣ ጥ ይወጣል። ቅንብሩ ውስጥ «ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ ሲጫኑ ይጥፋ» የሚለውን ምልክት ያንሱት፤ አለዚያ በረሳችሁ ቁጥር እየጠፋ ያበሳጫል። ድምፁንም ያጥፉት። ሁለት ቀን ግር ይላል፣ ከዚያ ይለመዳል።

መጻፊያ ሶፍትዌርዎንም ይፈትሹ። የጻፉት ፋይል ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደል ዝብርቅርቅ ሆኖ ከታየ የሚጠቀሙት ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ፊደላትን በአንድ ዓይነት ቁጥር የሚለዩበት ስምምነት) ያልሆነ የድሮ ፎንት ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፣ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ዛሬ በድሮው ፎንት መጻፍ ለደንበኛዎ ችግር ማውረስ ነው። ዊንዶውስ ከቪስታ ወዲህ የራሱ የአማርኛ መጻፊያ አለው። ኪይማን የሚባለው መጻፊያ ሶፍትዌርም በነጻ ይገኛል። እኔ ለሙሉ ቀን ጸሐፊ ኪይማንን እመርጣለሁ።

እነዚህን ካደረጉ በኋላ አሁንም አዲስ መሣሪያ መሥራት ካማረዎት፣ ቢሠሩት የምለው ይኸውና።

ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ሐ፣ ኀ፣ ሠ፣ ዐ እና ፀን ለጊዜው ወደ ጎን ስንተዋቸው፣ «ቨ»ን ጨምሮ የሚቀሩት የፊደል ቤተሰቦች 29 ናቸው። አሥር ዓምድ በሦስት ረድፍ ደግሞ 30 ቁልፍ ነው፤ ጣቶች ብዙ ሳይንቀሳቀሱ የሚደርሱበት ቦታ በሙሉ ይኸው ነው። 29ኙ ተነባቢዎች እዚያ ላይ ያለ ሺፍት ይገባሉ። ጠ፣ ጨ፣ ኘ የራሳቸው ቁልፍ ያገኛሉ። ለአውራ ጣቶች ሦስት ሦስት ቁልፍ ይስጧቸው፤ ስድስት ይሆናል። ሳድስ አናባቢ ስለማይፈልግ የቀሩት ስድስት አናባቢዎች በልክ ይቀመጣሉ። ጣት «ለ»ን ሲነካ አውራ ጣት የራብዑን ቁልፍ አብሮ ይነካል፣ «ላ» ይወጣል። አንድ ፊደል፣ አንድ ምት። የፈለጉት አንድ ምት በ250 ቁልፍ ሳይሆን በ36 ተገኘ።

የተረፈችው 30ኛዋ ቁልፍ ረዳት ትሁን። ከ«ሰ» ጋር ስትነካ ሠ፣ ከ«ሀ» ጋር ሐ፣ ከ«ኸ» ጋር ኀ፣ ከ«አ» ጋር ዐ፣ ከ«ጸ» ጋር ፀ ትስጥ። ከቀሩት 24 ቁልፎች ጋር ቁጥሮቹን፣ አራት ነጥቡን፣ ነጠላ ሰረዙን ታወጣለች። ሏ እና ቋን ለመሳሰሉት ሁለቱን የአውራ ጣት ቁልፎች፣ የካዕብንና የራብዕን፣ በአንድ ላይ ከተነባቢው ጋር መንካት ይበቃል።

ክፍት ቦታውስ የት ገባ? ይህ ነው የሚያስደስተኝ ክፍል። «አ» የራሱ ቁልፍ ስላለው የአናባቢ ቁልፍ ብቻውን ሲነካ ትርጉም የለውም። ስለዚህ አውራ ጣት ያለ ተነባቢ ሲነካ አንዱ ክፍት ቦታ፣ አንዱ ማጥፊያ፣ አንዱ ኢንተር ሊሆን ይችላል። ጉዳቱ አለ። ኪቦርዱ ተነባቢ ይከተል እንደሆነ ለማወቅ ጣትዎን እስኪያነሱ መጠበቅ አለበት። ጣት ቀድሞ ገብቶ ቀድሞ ከወጣ ደግሞ ያልፈለጉት ክፍት ቦታ በቃሉ መሐል ይገባል። መጀመሪያ ላይ ይህ ስህተት ደጋግሞ ይመጣል።

ሥራው ራሱ የሚያስፈራ አይደለም። 36 ቁልፍ በስድስት ረድፍና በስድስት ዓምድ ሲገናኝ 12 ሽቦ ብቻ ይፈልጋል። ራስፕቤሪ ፓይ ፒኮ የምትባለው ትንሽ ቦርድ 26 መግቢያ ስላላት ይተርፋታል። ለእያንዳንዱ ቁልፍ አንድ 1ኤን4148 ዳዮድ፣ ማለትም ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ፣ ይግባ። ይህችን «ትቅር» የሚል ቴክኒሻን ካጋጠመዎት አይስሙት። ዳዮድ ከሌለ ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ሲነካ ኪቦርዱ ያልነኩትን አራተኛ ቁልፍ ሊያይ ይችላል። ሏን ስንጽፍ ደግሞ ሦስት ነው የምንነካው። ውስጡ የሚሄደው ፕሮግራም ኪውኤምኬ ይባላል፤ ነጻና ክፍት ነው፣ ኮድ የሚሞክር ጎረምሳ ሰፈርዎ ውስጥ አይጠፋም። ለዚህ ሥራ ኮዱ አንድ ዋና ነገር ማድረግ አለበት፤ ሁለት ጣት አንድ ላይ ሲያርፍ የትኛውም ይቅደም፣ ሁልጊዜ ተነባቢውን አስቀድሞ አናባቢውን አስከትሎ ወደ ኪይማን መላክ። ለምሳሌ «ሲ» ለመጻፍ ጣት ተቀዳድሞ «ኢስ» የሚሆንብዎት ስህተት በዚህ ይጠፋል።

አሁን ስለ ገደቡ። አንድ ላይ የሚነካ ቁልፍ አዲስ ነገር አይደለም። ዳግላስ ኢንግልባርት እ.ኤ.አ. በ1968 ማውስን ለዓለም ሲያሳይ ቀኝ እጁ ማውሱ ላይ፣ ግራ እጁ ባለ አምስት ቁልፍ ትንሽ ሰሌዳ ላይ ነበር። ማውሱ ዓለምን ሞላ፣ ሰሌዳው ቀረ። ማውስን ማንም በደቂቃ ይለምደዋል፤ ሰሌዳው ትምህርት ይጠይቅ ነበር። በሌላ በኩል የአሜሪካ ፍርድ ቤት ጸሐፊዎች በዚሁ ዘዴ የሚሠራ መኪና ይዘው በደቂቃ 225 ቃል የሚያልፉበት ፈተና አላቸው፣ ግን እዚያ ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል። የእርስዎ በእነዚህ መሐል ነው። አቀማመጡን ማጥናት አለብዎት። ጣት ሳይነሳ ሌላ ጣት የማስቀደም ልማድዎንም መተው አለብዎት፤ አለዚያ ያለፈው ፊደል አናባቢ በሚቀጥለው ላይ ያርፋል። ፈጣን ጸሐፊ ከሆኑ ይህ ከጀማሪ ይልቅ እርስዎን ያስቸግራል። ፍጥነቱም እንደነገርኩዎት እጥፍ አይሆንም። የሚያተርፉት በዋናነት ሺፍትን ነው፣ እሱም ለእጅ ትልቅ እረፍት ነው። ተራውን ኪቦርድ አይጣሉት። እንግሊዝኛው፣ ኤክሴሉና ኮፒ ፔስቱ በእሱ ይቀጥል፤ ኮምፒውተሩ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ይቀበላል።

በድምፅ ማጻፍንም አይርሱት። ጉግል እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አማርኛን በድምፅ ይቀበላል። ለመመረቂያ ጽሑፍ ረቂቅ ሊጠቅም ይችላል። ለውል ግን አልመክርም። የሰው ስም፣ የካርታ ቁጥር፣ የብር መጠን አንድ ቦታ ከተሳሳተ ጣጣው የእርስዎ ነው። ኢንተርኔትም ይፈልጋል። ደንበኛ ፊት የሌላ ደንበኛን ጉዳይ ጮክ ብሎ ማንበብም ነውር ነው።

ወደ አንጓዎ ልምጣ። በጎን የሚያዘው ማውስ ክንድዎን ከመጠምዘዝ ያድነዋል፤ ብዙ ሰው ይስማማዋል። ግን እሱን ከመግዛትዎ በፊት ማውስዎ የት እንደተቀመጠ ይዩ። በኪቦርዱ በስተቀኝ ያለው የቁጥር ክፍል ማውሱን ወደ ውጭ ይገፋዋል፣ ክንድዎም ቀኑን ሙሉ ተዘርግቶ ይውላል። የቁጥሩ ክፍል የሌለው ኪቦርድ ይግዙ ወይም ማውሱን ወደ ግራ እጅ ያዙሩት። ከኪቦርዱ ጀርባ ያሉትን ሁለት እግሮች አጥፈው ያስገቧቸው፤ ከፍ ሲል አንጓ ወደ ላይ ይታጠፋል፣ ጅማቱም ይወጠራል። ጠረጴዛው ከክርንዎ በላይ ከሆነ ወንበሩን ከፍ ያድርጉ። ሌሊት አውራ ጣት፣ ጠቋሚና መሐል ጣት የሚደነዝዝዎት ከሆነ ግን የማውስ ጉዳይ አይደለም፤ አንጓ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ተጫኖ ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። ዕቃ ከእጅዎ መውደቅ ከጀመረ ደግሞ አይዘግዩ።

ስለ ማስመዝገቡ ባጭሩ። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት ፓተንት አለ፣ «አነስተኛ ፈጠራ» የሚባልም አለ። ጉዳዩን የሚያየው የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው። «ለእያንዳንዱ ፊደል አንድ ቁልፍ» የሚል ሐሳብ ብቻውን አይመዘገብም፤ እንዴት እንደሚሠራ የተብራራ መፍትሔ ያስፈልጋል። እኔ የጻፍኩልዎት አቀማመጥም እዚህ ስለወጣ ማንም ይጠቀምበት። በራስዎ የተለየ ነገር ከጨመሩበት ግን ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ ከመልቀቅዎ በፊት ባለሥልጣኑን ያማክሩ፤ አስቀድሞ ለሕዝብ የወጣ ነገር አዲስ ነው ማለት ይከብዳል።

የእኔ ምክር ይህ ነው። ትልቁን ኪቦርድ ይተዉት፣ አንድ ብርም አያውጡበት። በዚህ ሳምንት ስቲኪ ኪይስን ያብሩ፣ የማውሱን ቦታ ይቀይሩ፣ የኪቦርዱን እግሮች አጥፈው ያስገቡ። ለአንድ ወር በዚህ ይሥሩ። ሕመሙ ከቀለለና ሥራው ካልዘገየ ጉዳዩ እዚህ ያብቃ። ሺፍት አሁንም ካስቸገረዎት ባለ 36 ቁልፉን አንድ ብቻ ያሠሩ፣ ለሽያጭ ሳይሆን ለራስዎ። ከማሠራትዎ በፊት ቁልፎቹን በትክክለኛ ልካቸው ካርቶን ላይ ሥለው ጣትዎን ያሳርፉበት፤ አውራ ጣትዎ ሦስተኛውን ቁልፍ ለመድረስ ከተለጠጠ ያቅርቡት። ከዚያ በቀን ግማሽ ሰዓት፣ ደንበኛ በሌለበት ጠዋት፣ አንድ ያው የውል ቅጽ እየጻፉ ይለማመዱ። ሁለት ወር ሙሉ ተለማምደው የድሮ ፍጥነትዎ ላይ ካልደረሱ ወደ ተራው ኪቦርድዎ ይመለሱ፤ ፒኮዋ ለሌላ ሥራ ትሆናለች።